ውሃ ውስጥ የሚያድሩ ድንጋዮች

በዚያች መንደር የሚከፋፈል ነገር ሲኖር፣ መሬትም ይሁን የመስኖ ተራ፣ ዕጣ የሚወጣው በድንጋይ ነው። በወረቀት እናድርገው ያሉ የተማሩ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። ድንጋዮቹ ከዋዜማው ጀምሮ ከወንዝ በተቀዳ ውሃ ተነክረው ያድራሉ፤ ጠዋት ከነውሃቸው ማሰሮ ውስጥ ይገለበጣሉ፤ ባለዕጣው እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው ዕድሉን የሚያወጣው። ለምን ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። አንዱ ለንጽሕና ነው ይላችኋል። ሌላው እንዳይንኳኩ ነው ይላል። አንድ አውቃለሁ ባይ ደግሞ ቀለማቸው እንዳይለቅ ነው ብሎ ያደርቃችኋል፤ ውሃ ውስጥ ያደረ ቀለም የባሰ እንደሚለቅ እንኳ አያስብም። ማናቸውም አያውቁም። የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ እናትና ልጅ። ልጅቱ አርጅታ የሞቷ ቀን ሲቀርብ ለአንድ ሰው ተናግራለች፤ ያ ሰው ማን ነው እያላችሁ አታድርቁኝ።

መንደሯ ስትጀመር አሥራ አንድ ቤተሰብ ነበረች። ሰዎቹ የመጡት ከደረቅ አገር ነው። የድሮ ቀያቸው ሥር የድንጋይ ከሰል ተገኘ ተባለና ተነሡ ተባሉ፤ አልጋቸውን፣ ዶሮአቸውንና አሮጊቶቻቸውን በሁለት የጭነት መኪና ጭነው አምጥተው እዚህ ተዳፋት ላይ አራገፏቸው። ከላይ ጭንጫ፣ መሃሉ ቁጥቋጦ፣ ከታች ወንዝ። ወንዝ ያልኩት ለክብሩ ያህል ነው እንጂ በዚያ ወቅት ሕፃን ልጅ ሱሪውን ሳያጥፍ የሚሻገረው ጅረት ነበር። ቢሆንም ይፈሳል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ውሃ ጠፍቶ ሰው ሲገድል እንጂ ውሃ መጥቶ ሰው ሲገድል አይተው አያውቁም። የመጡ ዕለት ጅረቱ ዳር ተኮልኩለው እንደ ሙሽራ ሲያዩት ዋሉ።

ከዚያ ቀያሹ መጣ። ሰንሰለቱን ዘርግቶ አሥራ አንድ ቦታ ለካ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎች ተከለ፣ ማን የቱን ይውሰድ ሲሉት የእኔ ሥራ መለካት ነው፣ ማከፋፈሉ የራሳችሁ ነው ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እንግዲህ ጉዱ ከዚህ ይጀምራል። አሥራ አንደኛው ቦታ አናቱ ላይ ያለ ድንጋይ ነው፤ ፍየል እንኳ ተጠይፋው ታልፋለች። ስድስተኛው ግን ጅረቱን ተንተርሶ የተኛ ሜዳ ነበር፤ አፈሩ ጥቁር፣ እጅ ቢከቱበት እስከ አንጓ የሚውጥ። ሁሉም ስድስትን ፈለጉ። በዚህ ሁሉ ጭንጫ መሃል ያ ጥቁር አፈር ከየት መጥቶ ተኛ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። በሦስተኛው ቀን እንጨት ሰንጣቂው መጥረቢያውን ከትከሻው አወረደ፤ ሊሰነጥቅ የፈለገው ግን እንጨት አልነበረም። ያኔ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ግንበኛ መሃል ገብቶ፣ ገና ምሰሶ ሳንተክል መቃብር ልንቆፍር ነው ወይ ሲላቸው አፈሩ። ዕጣ ይውጣ ተባለ። ዕጣውን ማን ይያዝ ሲባል ደግሞ አፍ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ፣ ወደ አዋላጇ።

አዋላጇ ስድሳን የተጠጋች መበለት ናት። ከዚያ ከተሰበሰበው ሕዝብ ውስጥ ግማሹ ከእናቱ ሆድ ሲወጣ መጀመሪያ የነካው የእሷን እጅ ነው። የምትታወቀውም በድንጋይ ነበር። ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ረመጥ ውስጥ ታሞቅና በጨርቅ ጠቅልላ ምጥ የጠናባት ሴት ወገብ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሕመሙን ያስታግሳል። ሌላው ሰው ሲነሣ ቁም ሣጥኑን ሲጭን እሷ ሦስት ድንጋይ በከረጢት ይዛ መኪና ላይ ስትወጣ ሹፌሩ ሳይቀር ስቆባታል። እንግዲህ ዕጣው በድንጋይ ይሁን ያለችውም እሷ ናት። ከጅረቱ አሥራ አንድ እኩያ ድንጋዮች ለቀመች፤ ግንበኛው በተረፈ የበር ቀለም ቁጥር ጻፈባቸው፤ ዕጣ ያዡ የራሱ ቦታ አይኖረውም ተብሎ ደንብ ወጣ።

አንዲት ሴት ብቻ አጉረመረመች፤ የእንጨት ሰንጣቂው ሚስት። አፏ ስለሚወጋ መርፌ ይሏታል። ሴትዮዋ ቦታ አትወስድም ትላላችሁ፣ የምትኖረው ግን ከልጇ ጋር ነው፤ ልጇ ዕጣ ውስጥ አለች፤ ይቺ ሴት እናት አይደለችም እንዴ አለች። ሁሉም ተነሡባት። ግንበኛው፣ አንቺ ልጅ፣ እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ የምትናገሪበት አፍ አይኖርሽም ነበር፣ አንገትሽ ላይ እትብት ተጠምጥሞ ነው የተወለድሽው አላት። መርፌ ወደ ባሏ ጎን ተመለሰች። እኔ ግን እላለሁ፣ የዚያን ቀን ከመንደሩ ሁሉ በትክክል ያሰበች እሷ ብቻ ነበረች።

አዋላጇ እስከዚያች ዕለት ድረስ በሕይወቷ የሰው ነገር ነክታ አታውቅም፤ ይሄን ልመስክርላት። ግን አንድ ልጅ ነው ያላት። ይቺ ልጇ በድሮው ቀያቸው ከሁለት ሰዓት መንገድ ውሃ እየተሸከመች ሁለት ጽንስ አስወርዷታል፤ ሁለቱንም ተቀብላ በጨርቅ የጠቀለለች እናቷ ናት። አሁን ሦስተኛውን ይዛ ሰባተኛ ወሯ ነው። እናት ሌት ተቀን የምታስበው ይሄንን ብቻ ነበር፤ አሥራ አንድ ቁጥር ከደረሳት በጀርባዋ ውሃ ይዛ ያንን ዳገት ስትወጣ፣ ስድስት ከደረሳት ደግሞ ከደጃፏ ጎንበስ ብላ ስትቀዳ። በዋዜማው አማቿን፣ የልጇን ባል፣ ከሚያድሩበት ሸራ ጀርባ ጠራችው።

አማቿ ዓይን አፋር፣ ሰው ሲያናግረው ዝም ብሎ የሚስቅ ልጅ ነበር። ነገሩን ስትነግረው ሳቁ ጠፋ።

"ስድስትን አሞቀዋለሁ" አለችው። "እጅህን ስትከት ትኩሱን ፈልግ። ከእኔ በኩል ባለው ጎን ታገኘዋለህ።"

"ይቅርብን እማማ" አላት። "የመጣው ይምጣ። እኔ ውሃውን እሸከምላታለሁ።"

"ለእኔ ብለህ እንዳይመስልህ። ለሆዷ ብለህ ነው።"

መሬት መሬቱን አየና እሺ አላት። ልጄ እንዳትሰማ አለችው፤ እሺ አላት። ለሁሉም እሺ የሚል ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና።

በነጋታው መንደሩ ሁሉ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። አዋላጇ ማሰሮውን ጭኗ መሃል አድርጋ፣ ድንጋዮቹን ከጨርቅ አንድ በአንድ እያወጣች፣ ቁጥሩን ለሰው እያሳየች ጨመረች። ስድስት ከንጋት ጀምሮ ረመጥ ውስጥ ቆይቶ ነበር። ስትጨምረው ጣቷን ፈጀት፤ ፊቷን አላጨማደደችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ትኩስ ድንጋይ የያዘች ሴት ናት። ማሰሮው አፉ ላይ ጨርቅ ጣል ተደረገበት። ግንበኛው ቀድሞ አራት ቁጥርን አወጣ። ከዚያ እንጨት ሰንጣቂው መጣና ያን የሚያህል እጁን ከተተ፤ ያማስላል፣ ያማስላል። ሲያወጣው አሥራ አንድ ነው። መርፌ ባሏን ያየችበትን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ሦስተኛው አማቿ ነበር። እጁ ማሰሮው ውስጥ ብዙም አልቆየም። ስድስት ተብሎ ሲጮኽ እሱ ቀና ብሎ ማንንም አላየም፤ ድንጋዩንም ለሰው ሳያስነካ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ዕድል ዛሬ ዘመዷን አገኘች አለች መርፌ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣት፣ ከዚያ የአራተኛው ተራ ደረሰ።

መንደሯ እንዲህ ነው የተመሠረተችው።

ስድስት ቁጥር ላይ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ክፍል ቤት ተሠራ፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ወደ ጅረቱ የሚያይ መስኮት። ከቤቱ አጠገብ አንድ ሰፊ ዛፍ ነበር። የዛፉ ባላ ላይ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የደረቀ ሣርና ጭራሮ ተወትፎ ነበር። አማቿ ሲቆፍር ኮቱን እዚያ እየሰቀለ፣ ምን ዓይነት ሰነፍ ወፍ ነው እዚህ ዝቅ ብሎ ጎጆ የሚሠራው እያለ ይስቅ ነበር። አዋላጇም አይታዋለች። እሷም ጎጆ መስሏታል።

ልጅ ተወለደች፤ በመንደሯ መሬት ላይ የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ። አያቷ ራሷ ተቀበለቻት፤ ሙሉ፣ ቀይ፣ ጩኸቷ አሥራ አንድ ቁጥር ድረስ የሚሰማ። ሰዉ ሁሉ አንደኛ እያለ ይጠራት ጀመር፤ ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ። የአዋላጇ ልብ አረፈ። በበቆሎው መሃል የልጅ ልጇን አዝላ ስትዞር፣ ያ የሠራሁት ነገር ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ፍሬ ባልሰጠኝ ነበር ትል ነበር ለራሷ። ሰው ራሱን ለመሸንገል ጊዜ አያጣም እኮ።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሣታል። መርፌ በየቀኑ በእነሱ ደጃፍ ወርዳ ውሃ ትቀዳለች፤ ሃያ አምስት ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ ይዛ ያንን ዳገት ትወጣለች። በሁለተኛው ዓመት ነፍሰ ጡር ሆነች። አዋላጇ ደጃፏ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ሴትዮዋ ስታልፍ አንገቷን ትደፋለች። በአምስተኛው ወር አስወረዳት። ተጠርታ የሄደችውም ራሷ አዋላጇ ናት። ያንን ጨርቅ ስትጠቀልል፣ ይሄኛው የእኔ ሥራ ነው ብላ አሰበች፤ ከልጄ አንሥቼ እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቤቷ ተመልሳ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ በኋላ ግን አማቿ ማንም ሳይነግረው በየማለዳው አንድ ጀሪካን ለመርፌ ይሸከምላት ጀመር። ለምን እንደሆነ አዋላጇ ገባት።

በሦስተኛው ዓመት መርፌ እንደገና ፀነሰች፤ ይሄኛው ያዘላት። ምጧ የመጣው ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አንድ ደመና የለ። ከሩቁ ተራሮች በላይ ብቻ ከትናንት ጀምሮ የጠቆረ ነገር ይታይ ነበር፤ የእነሱ ዝናብ ስላልሆነ ማንም ቁም ነገር አላለውም። አዋላጇ ድንጋዮቿን ይዛ ዳገቱን ወጣች፤ ልጇ ረመጥ ታቀብላት ዘንድ አብራት ወጣች። አማቿ በሌሊት ተነሥቶ ሲኮተኩት ስለዋለ ደክሞት አንደኛን አቅፎ ጋደም ብሎ ነበር። የአዋላጇ ልጅ በሩን ገርበብ አድርጋላቸው ነው የመጣችው።

የመርፌ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ወለሉ ዐለት፣ በሩ ወደ ታች የሚያሳይ። ምጡ ጠንቶ ነበር። አዋላጇ በአንድ እጇ ትኩሱን ድንጋይ ወገቧ ላይ ይዛ፣ በሌላው ጭንቅላቱን እየጠበቀች ሳለ ከባድ መኪና የሚንገጫገጭ የሚመስል ድምፅ ሰማች። መኪና ደግሞ በዚያ መንገድ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። እንጨት ሰንጣቂው ደጅ ላይ ጮኸ። ልጇ በእጇ የያዘችውን የረመጥ ገል እዚያው ደፍታ በሩን ወጣች። አዋላጇ በተከፈተው በር ወደ ታች አየች፤ ሜዳው የለም። ቡናማ ነገር እየተገላበጠ ይሄዳል፤ መሃሉ ላይ የዛፍ አናት፣ ከዛፉ ወዲያ የቆርቆሮ ጫፍ፣ ከዚያ የቆርቆሮው ጫፍም የለም።

ልትነሣ ቃጣት። መርፌ ግን ክንዷን ጨብጣታለች፤ ጭንቅላቱ ወጥቷል፤ ትከሻው ቀርቷል። ትታ ብትሄድ እናትም ልጅም እዚያው ይቀራሉ። አልሄደችም። ዓይኗ በሩ ላይ ሆኖ፣ ጆሮዋ የልጇን ጩኸት እየሰማ፣ እጇ ሥራውን ቀጠለ። ወንድ ልጅ ተወለደ። እትብቱን ቆርጣ፣ አሽታ፣ አልቅሶ ሲያበቃ ለእናቱ አሳቀፈቻት። ያን ጊዜ ነው በሩን ወጥታ ወደ ታች የሮጠችው።

በሁለተኛው ቀን ከመንደሯ ብዙ ርቆ፣ የዛፍ ሥር ይዟቸው አገኟቸው። አማቿ አንደኛን በአልጋ አንሶላ ጀርባው ላይ አስሯት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ። ዋና የማይችል ሰው ነው፤ ከደረቅ አገር የመጣ ሰው ዋና ከየት ይማራል። ቋጠሮውን መፍታት ስላቃታቸው በቢላ ቆረጡት። አምስትና ሰባት ቁጥርም ሰብላቸው ተጠርጎ ሄደ፣ ሰዎቹ ግን ከላይ ማገዶ ሲለቅሙ ስለነበር ተርፈዋል። ውሃው ሲጎድል ሜዳው ላይ አዲስ ጥቁር አፈር ተኝቶ ነበር፤ ለስላሳ፣ እጅ ቢከቱበት እስከ አንጓ የሚውጥ። ዛፉ ባላ ላይ ደግሞ ሣርና ጭራሮ ተወትፏል። አዋላጇ ከሥሩ ቆማ ቀና ብላ ብዙ ሰዓት አየችው። ወፍ አልነበረም።

ግንበኛው ከቤቱ ጎን ያለችውን የመሣሪያ ማስቀመጫ አጸዳላቸውና እናትና ልጅ እዚያ ገቡ። መዶሻና የኖራ ከረጢት መሃል ሁለት ፍራሽ ተነጠፈ። ልጅቱ ከቀብሩ በኋላ አላለቀሰችም። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ሲያናግሯት ትመልሳለች። አዋላጇ ግን ውስጧ እያረረ ነው። እነግራታለሁ አለች። ባሏንና ልጇን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ልታንቀኝም ከሆነ ትነቀኝ፤ ይሄንን ይዤማ እህል አይወርድልኝም። በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቱ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ አለች። አፏን ከፈተች። ልጅቱ ግን ቀደመቻት፤ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ ነው የተናገረችው።

"ዕጣ ነው እማዬ። የማንም እጅ የለበትም። ሰው መርጦት ቢሆን ኖሮ አብድ ነበር።"

አዋላጇ አፏን ዘጋች። ምን ታድርግ? ልጇ የያዘችው አንድ ክር ይሄ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ በገዛ እጇ ትበጥሰው? ያንን የመሰለ ነገር ዋጠችውና ምስሩን አብራት ትለቅም ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ ፀጉሯ በወር ውስጥ ነጭ ሆነ ይላሉ። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ክረምቱ ሲያልፍ መንደሩ ተሰበሰበ። ታች ያሉት ሦስት ቦታዎች ሰው አይኖርባቸውም ተባለ። ግንበኛው ላይኛውን መሬት በገመድ እንደገና ለክቶ አሥራ አንድ ቦታ አወጣ፤ ዕጣ እንደ አዲስ ይጣል፤ ማሰሮውን እንደ ድሮው እማማ ይያዙልን። አዋላጇ አይሆንም አለች። እጄ ይንቀጠቀጣል አለች። ዓይኔ ደክሟል አለች። ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም ብላ ተነሣች፤ እውነቱን እዚያው አፍርጣው ልትሄድም ትንሽ ነበር የቀራት። ልጇ ግን ፊት ለፊት ተቀምጣ ታያታለች።

ያን ጊዜ መርፌ ልጇን አቅፋ ብድግ አለች። ያቺ በአፏ የምትታወቀው መርፌ እያለቀሰች ነበር።

"የዛሬ ሦስት ዓመት በልቤ ሌባ ብዬዎት ነበር" አለች። "በአፌም ብያለሁ። ፈጣሪ ይይልኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ክፉ እጅ ቢኖርዎት ኖሮ ያ መሬት ለልጅዎ አይደርሳትም ነበር። ከእንግዲህ እርስዎ ያልያዙትን ማሰሮ እኔ እጄን አልከትበትም።"

ሰዉ ሁሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ። ግንበኛው ቆብ አወለቀላት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ምድር ግን በተፈለገች ጊዜ አትከፈትም። የልጅ ልጇ ሞት የንጽሕናዋ ምስክር ሆኖ ሲቆጠርላት ቁጭ ብላ ሰማች። በመጨረሻም እሺ አለች።

የዕጣው ዋዜማ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ልጅቱ እንጨት ልታመጣ ወጥታ እሷ ብቻዋን ምድጃው አጠገብ ድንጋዮቹን ዘርግታ ተቀምጣለች። ግንበኛው ቀለማቸውን አድሷል። ሁለት ቁጥር በዚያ ክረምት የፈለቀች ምንጭ አጠገብ ያለ፣ ከፍ ያለ፣ ምንም ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ነው። መበለት ለሆነች፣ ማንም ለሌላት ሴት ከዚያ የተሻለ የለም። እጇ ሁለት ቁጥርን አነሣ። ፍሙ ቀይ ነው። ይሄንን ብደብቅላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን እጇ ረመጡ ጫፍ ድረስ ሄዷል። ከዚያ ድንጋዩ ትንሽ ሞቅ ሲል መዳፏ አወቀው፤ የስድስት ቁጥር ሙቀት፣ ከመርፌ ወገብ ላይ የያዘችው የዚያ ቀን ሙቀት። እንዳቃጠላት ሁሉ ፈጥና አሥራ አንዱንም ሰብስባ ባልዲ ውስጥ ወረወረቻቸው፤ ከጅረቱ የተቀዳ ውሃ ነበረበት። ክዳኑን ከደነች። ሌሊቱን እንዲቀዘቅዙ፣ እሷም ብትሆን ማንኛውን ከማንኛው እንዳትለይ ብላ።

ጠዋት ከነውሃቸው ማሰሮ ውስጥ ገለበጠቻቸው። ግንበኛው ውሃው ምንድን ነው አላት፤ እሷ ማሰሮውን አቅፋ ተቀመጠች። ሰዉ ክብ ሠራ። ሐዘንተኛዋ ትቅደም ተባለ። ልጅቱ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መጥታ ከእናቷ ፊት ተንበረከከች። ግንባራቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ከተተች።

እጇ ቶሎ አልወጣም። አዋላጇ ማሰሮውን በሁለት እጇ አቅፋ ስለያዘችው ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ሆዷ ላይ ይሰማታል። የልጇ ጣቶች አንዱን ድንጋይ ነኩ፣ ተዉት። ሌላውን ነኩ፣ ተዉት። ሰው ዕጣ ሲያወጣ እንዲህ አያደርግም። ጣቶቹ ዞረው ዞረው ወደ እሷ በኩል ወዳለው ጎን መጡ፤ እዚያም ያለውን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያ ልጅቱ ቀና ሳትል፣ ለእናቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

"ዛሬ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው።"

ከዚያ ያገኘችውን አንዱን ይዛ ወጣች። ስምንት ቁጥር። ለግንበኛው አሳይታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አሥር ሰው ቀርቷል። አዋላጇ ማሰሮውን አልጣለችም። አሥሩም ተራ በተራ እስኪያወጡ፣ መርፌ ሁለት ቁጥር ደርሷት እልል ብላ እስክታቅፋት፣ ሰዉ እስኪበተን እንደያዘችው ቆየች። ቀሚሷ በውሃ ርሶ ነበር።

ስምንት ቁጥር መካከለኛ መሬት ነው፤ ድንጋይ አለው፣ ግን የሚለቀም ድንጋይ ነው። ሁለቱ እዚያ ሄደው ችካሉ አጠገብ ተቀመጡ። ከታች ሜዳው ይታያል፤ ዛፉም ይታያል። አዋላጇ ባልሽ መቼ ነገረሽ አለቻት።

"የዚያኑ ዕለት ማታ። እሱ ከእኔ ምን ደብቆ ያውቃል።"

"ታዲያ ዕጣ ነው፣ የማንም እጅ የለበትም ያልሽኝ?"

"ምን ልበልሽ?" አለች ልጅቱ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። "ድንጋዩን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። ኪሱ ውስጥ ውሎ ገና ለብ ያለ ነበር። እሱ ፈርቶ ነበር፣ እንመልሰው ይሆን አለኝ። እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር እማዬ። ሆዴ ላይ አድርጌው ተኛሁ።"

አዋላጇ እጇን ዘርግታ የልጇን እጅ ያዘች። ገና ከውሃው አልሞቀም ነበር። ሁለቱም አለቀሱ፤ ልጅቱ ከቀብሩ በኋላ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው። ሲበቃቸው ተነሡና ድንጋይ መልቀም ጀመሩ፤ መሬቱ ብዙ ሥራ ነበረበት።

እናትየው ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች፤ ስትሞት ማሰሮው ለልጇ ተላለፈ። ልጅቱ ሌላ ባል አላገባችም፣ ሌላም አልወለደችም። አርባ ዓመት ዕጣ ያዘች። በዋዜማው ድንጋዮቹን ራሷ ወንዝ ወርዳ በቀዳችው ውሃ ትነክራለች፤ ጠዋት ማንም ከመድረሱ በፊት እጇን ከትታ ሁሉንም አንድ በአንድ ትዳስሳለች፤ ከዚያ ነው ሰው የምታስጠራው። ለምንድን ነው የሚነከሩት ብለው የሚጠይቋት ነበሩ። ለንጽሕና ነው ትላቸው ነበር።